የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም

ተማሪዎች ሆይ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. ዘውድ የደፋው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ከታሪክ ትምህርታችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ደረስጌ የምትገኘው በስሜን ደጋ፣ በጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። ይሁን እንጂ ቴዎድሮስ የነገሠባትን ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠራት ቴዎድሮስ አልነበረም። ዘውዱን የጫኑለትንም ጳጳስ ከግብፅ ያስመጣቸው እርሱ አልነበረም። ሁለቱንም ያዘጋጀው የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበር። ውቤ በዚያ ዕለት የት እንደ ነበረ ብትጠይቁ፣ መልሱ በድል አድራጊው ሰፈር ውስጥ፣ በምርኮኛነት የሚል ነው። አንድ ሰው ለንግሥና የሚያበቃውን ሁሉ ለብዙ ዓመታት ሲያሰናዳ ኖሮ፣ በመጨረሻው ሰዓት ሁሉም ነገር ለባላጋራው እንዴት ሊውል ቻለ? የውቤን ሕይወት ስታነቡ ይህን ጥያቄ በልባችሁ ያዙ።

ሰውን ያለ ዘመኑ መመዘን አይቻልምና በመጀመሪያ ዘመኑን እንመልከት። ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን በ1761 ዓ.ም. ካስገደለ ወዲህ በጎንደር የነበረው የንጉሠ ነገሥት ሥልጣን ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። ንጉሥ ይነግሣል፤ ንጉሥ ይሻራል፤ አንጋሹም ሻሪውም ግን ጦር ያለው መስፍን ነበር። ይህ ዘመን ዘመነ መሳፍንት ተብሎ ይጠራል። አገሪቱም ለታላላቅ ቤተሰቦች ተከፋፈለች። ከሁሉም በላይ የገነነው የየጁ ቤት፣ ማለትም የወረ ሼኽ ቤተሰብ፣ መናገሻውን ደብረ ታቦር ላይ አድርጎ በንጉሡ ስም አገር ያስተዳድር ነበር። በትግራይ፣ በጎጃም፣ በላስታ፣ በዋግና በሸዋም እንዲሁ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ገዥነት ነበረ። ከእነዚህ ቤቶች አንዱ የስሜን ቤት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ቤቶች እርስ በርሳቸው ባላጋራዎች ቢሆኑም ባዕዳን አልነበሩም። ዛሬ የተዋጉት ነገ ይጋባሉ፤ ዛሬ የተጋቡት ነገ ይዋጋሉ። አማች በአማቹ ላይ፣ አጎት በእኅቱ ልጅ ላይ ጦር ይሰብቅ ነበር። ማንኛውም ቤት ሌላውን ጨርሶ ለማጥፋት የሚያስችል ኃይል አልነበረውም፤ ማንኛውም ቤት ደግሞ ለሌላው ለዘለቄታው ለመገዛት አልፈቀደም። ስለዚህ ጦርነቱ ማብቂያ አጣ። በመካከሉ የተጎዳው ግን እህሉን የሁሉም ሠራዊት የሚበላበት፣ በሬውን የሁሉም ሠራዊት የሚያርድበት ገበሬ ነበር።

ውቤ የተወለደው በ1792 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ደጃዝማች ኃይለ ማርያም፣ አያቱም ስሜንን ከአርባ ዓመት በላይ የገዛው ራስ ገብሬ ነበር። ቤተሰቡ ዘሩን ከጎንደር ነገሥታት ጋር ያዛምድ ነበር። የስሜንን አገር በዓይነ ልቦናችሁ ተመልከቱት። ከፍታው ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ዳሸን በዚያ ይገኛል፤ ገደሉ የተጠረበ ግድግዳ ይመስላል፤ አምባዎቹም ጥቂት ሰዎች ብዙ ጦር የሚመክቱባቸው ምሽጎች ናቸው። ከጎንደር ተነሥቶ በወገራና በሊማሊሞ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ወደ ዓድዋና ወደ ምጽዋ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ የሚያልፈው የዚህን አገር ጥግ ይዞ ነው። እንግዲህ ስሜንን የያዘ ሰው በጎንደርና በባሕሩ በር መካከል ቆሞ ሁለቱንም ይመለከታል ማለት ነው። የውቤ ዕድልም መከራም የመነጨው ከዚህ አቀማመጥ ነበር።

ኃይለ ማርያም በ1818 ዓ.ም. ሲሞት ውቤ ገና ወጣት ነበር። የአባቱን ቦታ የሚሻ ሌላም ሰው ነበረ። እርሱም በእናቱ በኩል ከየጁ ቤት የሚወለደው የአባቱ ልጅ መርሶ ነው። እንዲህ ባለው ውርስ የጎረቤት መስፍን እጁን ሳያስገባ አይቀርም። ውቤ ወንድሙን ቀድሞ የስሜንን ገዥነት ያዘ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ ቤቱ ለሁለት የተከፈለ ሆነ። በቤቱ ውስጥ ተፎካካሪ ያለው ገዥ በውጭ ወዳጅ መፈለጉ የማይቀር ነው።

ውቤም ከምሥራቅ ጎረቤቱ ከትግራዩ ገዥ ከደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋር ተወዳጀ። የሁለቱም ሐሳብ የየጁን ቤት በኅብረት ለመቋቋም ነበር። ነገር ግን የየጁው ራስ ማርዬ ጦሩን ይዞ ወደ ስሜን በዘመተ ጊዜ የትግራይ ጦር ለእርዳታ ሳይደርስ ቀረ። ብቻውን የቀረው ውቤ ለማርዬ ገበረ። በየካቲት 1823 ዓ.ም. ደብረ ዓባይ ላይ ማርዬና ሰባጋዲስ ሲዋጉ ውቤ የተሰለፈው ከቀድሞ ወዳጁ በተቃራኒ ነበር። በዚያ ጦርነት አሸናፊው ራስ ማርዬ ራሱ ወደቀ። ሰባጋዲስም ተሸንፎ እጁን ሰጠ፤ የጁዎችም የጌታቸውን ደም ለመመለስ ወዲያው ገደሉት። የሁለቱ ኃያላን ሞት ለሦስተኛው ሲሳይ ሆነና ትግራይ ለውቤ ተሰጠ። በአንድ ቀን ውሎ የስሜን ገዥ የነበረው ሰው ከስሜን አምባ እስከ ባሕሩ ዳርቻ አፋፍ ድረስ የሚያዝ ታላቅ መስፍን ሆነ።

አገርን በጦር መያዝና አገርን ማስተዳደር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሰባጋዲስ ልጆች፣ ከእነርሱም ዋነኛው ደጃዝማች ካሣ፣ የአባታቸውን አገር በቀላሉ አልለቀቁም። የእንደርታው ባልጋዳ አርአያ ሥላሴም በተደጋጋሚ ሸፈተ። ውቤ አንዳንዱን በጦር፣ አንዳንዱን በሹመት፣ አንዳንዱንም በጋብቻ እየያዘ ለሃያ አራት ዓመታት ያህል ትግራይን ገዛ። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ጊዜ ሥልጣን ላይ መቆየት ራሱን የቻለ ችሎታ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የውቤ ጉልበት አንዱ ምንጭ ጠመንጃ ነበር። ምጽዋ በቱርኮችና በግብፆች እጅ ብትሆንም ወደ መሐል አገር የሚገባው መሣሪያ የሚያልፈው በእርሱ ግዛት በኩል ነው። ስለዚህ ከጊዜው መሳፍንት ሁሉ የበለጠ የነፍጥ ብዛት የነበረው እርሱ ነበር። ከውጭ የሚመጡ ሰዎችንም በጥበባቸው ይጠቀምባቸው ነበር። ጀርመናዊውን የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐርን የእንጢጮ ገዥ አድርጎ እስከ መሾም ደርሷል። ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያና ለፈረንሣዩ ንጉሥ ለሉዊ ፊሊፕም ደብዳቤ ጽፏል። የባሕሩን በር ለመያዝ ተመኝቶ በ1841 ዓ.ም. ጦሩን እስከ ምጽዋ አካባቢ አዝምቶ ነበር፤ ወደቡን ግን በእጁ ሊያስገባ አልቻለም።

የቤተ መሳፍንት ፉክክርና የባዕድ እርዳታ የሚያገናኛቸው መንገድ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን አየርላንድም እንዲሁ በብዙ ነገሥታት ቤቶች የተከፋፈለች ደሴት ነበረች። እያንዳንዱ ቤት በራሱ አውራጃ ይነግሣል፤ ከሁሉ በላይ የሆነውን የንጉሠ ነገሥትነት ስም ለማግኘት ደግሞ ሁሉም ይፋለማሉ። የሌንስተር ንጉሥ ዳርመት ማክ መሮ በ1166 እ.ኤ.አ. በተቀናቃኞቹ ተሸንፎ ከአገሩ በተባረረ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ የእንግሊዝን ንጉሥ እርዳታ ለመነ። ለአንድ ቤት መልሶ መቋቋሚያ ተብለው የተጠሩት የባዕድ ወታደሮች ለም መሬት ይዘው ቀሩ፤ በ1171 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ሄንሪ ሁለተኛ ራሱ ሠራዊቱን አስከትሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ገዥነት ከአየርላንድ ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት አልተነቀለም። ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ኋላ የውቤን የእኅት ልጅ ስናነሣ ታስታውሱታላችሁ።

ወደ ውቤ እንመለስ። ውቤ ኃይለኛ ቢሆንም ከበላዩ ሌላ ሰው ነበር። በደብረ ታቦር የየጁው ራስ አሊ በልጅነቱ ተሹሞ፣ በእናቱ በወይዘሮ መነን ብርቱ ክንድ ተደግፎ ይገዛ ነበር። ይህን ቤት ከሥልጣን ለማውረድ ጠመንጃ ብቻ እንደማይበቃ ውቤ ተገነዘበ። የሕዝቡን ልብ የሚያዘነብል፣ ዘውድም ለመጫን ሥልጣን ያለው ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ኢትዮጵያ ከዐሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ኖራለች። ስለዚህ ውቤ ገንዘብ አወጣጥቶ፣ መልእክተኞች መርጦ ወደ ግብፅ ላከ። በ1833 ዓ.ም. አቡነ ሰላማ ተሾሙ፤ በ1834 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራትም ወደ ውቤ ግዛት ገቡ። ዕድሜያቸው ገና ከሃያ ብዙ ያላለፈ ወጣት ነበሩ። በትግራይና በስሜን ጌታ እጅ ጳጳስ ገባ ማለት የንጉሥ መቀቢያው ቅብዐት በእጁ ገባ እንደ ማለት ነበር።

ውቤ ጊዜ አላጠፋም። ከጎጃሙ ከደጃዝማች ብሩ ጎሹ ጋር ተባብሮ በራስ አሊ ላይ ዘመተ። በየካቲት 1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ታላቅ ጦርነት ሆነ። የውቤ ነፍጠኞች የአሊን ፈረሰኞች በተኑ፤ ራስ አሊም ሁሉ ነገር አበቃ ብሎ ሸሸ። እስቲ ያንን ሰዓት አስቡት። ውቤ ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘው ነገር በእጁ ገብቷል። ሠራዊቱ ለምርኮና ለዘረፋ ተበታትኗል፤ አለቆቹ የድሉን ግብር ለመብላት ተቀምጠዋል። ከአሊ ወገን የሆነው ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ግን ጥቂት ወታደሮች አስከትሎ በድንገት ደረሰና ውቤን በድንኳኑ ውስጥ እንዳለ ማረከው። አሸናፊው ተማራኪ፣ ሸሺውም አሸናፊ ሆነ። ራስ አሊ ድል ማድረጉን የሰማው ከሸሸበት ቦታ ሆኖ ነው።

ራስ አሊ ውቤን አልገደለውም። ብዙ ሳይቆይ ቤዛ ተቀብሎ ለቀቀውና ወደ ግዛቱ መለሰው። ይህ ምሕረት ብቻ አልነበረም፤ የዘመነ መሳፍንት አሠራር ነበር። አንዱ ቤት ፈጽሞ ከጠፋ ሌላው ቤት ከልክ በላይ ይገንናል፤ ስለዚህ የተሸነፈውን በቦታው መልሶ መትከል ለአሸናፊውም ይጠቅመዋል። ውቤ ከዚህ የተማረው ትምህርት የተሸነፈ መስፍን ሁልጊዜ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ነበር። ይህ ትምህርት ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ጎዳው፤ ከዚያ በኋላ የገጠመው ሰው በዚህ ሕግ የሚሄድ አልነበረምና።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የውቤ የብልጽግና ዓመታት ናቸው። በስሜን ደጋ ደረስጌ ማርያምን አሠራ። በሥራውም ኤድዋርድ ዛንደር የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ተሳትፏል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በሥዕል አጊጣ፣ በንዋየ ቅድሳት በልጽጋ የስሜን ቤት ክብር መታያ ሆነች። ውቤ ለራሱ በዓለ ንግሥ እንዳሰባት ይነገራል። ጳጳሱ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ጠመንጃውም በአምባው ላይ ተከማችቷል። የቀረው ትክክለኛው ቀን ብቻ ነበር። ውቤ ግን ዕድሜው ስለ ገፋና የደብረ ታቦርን ውሎ ስላልረሳ በጥንቃቄ መጠበቅን መረጠ።

እርሱ ሲጠብቅ ከቋራ በኩል ሌላ ሰው ተነሣ። ካሣ ኃይሉ ከታላላቆቹ ቤቶች የአንዱም አልጋ ወራሽ አልነበረም። የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አግብቶ አማች ከሆነ በኋላም በየጁ ቤት ይናቅ ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ፤ ጎሹም በዚያው ሞተ። ራስ አሊ ነገሩ ስላሳሰበው የውቤን እርዳታ ጠየቀ፤ ውቤም ጦር ላከለት። በሚያዝያ 1845 ዓ.ም. በጣቁሳ ምድር የተላከው ጦር ከአሊ ጦር ጋር ተደመሰሰ። በሰኔም አይሻል ላይ ራስ አሊ ራሱ ተሸነፈና የየጁ ቤት የበላይነት አከተመ። በ1846 ዓ.ም. ብሩ ጎሹ ተማረከ። አቡነ ሰላማም በዚሁ ዓመት ከውቤ ዘንድ ወደ ጎንደር፣ ወደ ካሣ ዘንድ ሄዱ። ውቤ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በብዙ ድካም ያስመጣቸው ጳጳስ በባላጋራው ሰፈር ተቀመጡ።

ካሣ ከተሸነፉት መሳፍንት ቤዛ ተቀብሎ ወደ ግዛታቸው አልመለሳቸውም፤ አሰራቸው እንጂ። ዓላማው የአንዱን ቤት የበላይነት በሌላው ቤት የበላይነት መተካት አልነበረም፤ የቤቶቹን ሥርዓት ራሱን ማፍረስ ነበር። ውቤ ይህን ልዩነት የተገነዘበው ዘግይቶ ይመስላል። የካሣ ጦር የስሜንን ብርድና ገደል ታግሦ ከተጠበቀው በፈጠነ ጉዞ ደረሰ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ሁለቱ ጦሮች ተጋጠሙ። የውቤ ነፍጥ ብዙ ነበር፤ ውጊያውም ብርቱ ነበር። ሆኖም ቀኑ ሳይመሽ ሠራዊቱ ተፈታ፤ ውቤም ቆስሎ ተማረከ። ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብና መሣሪያ በድል አድራጊው እጅ ገባ። ከሁለት ቀን በኋላ አቡነ ሰላማ በደረስጌ ማርያም ካሣን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ብለው ቀብተው ዘውዱን ጫኑለት። ዘመነ መሳፍንት በዚህ ቀን አበቃ ይባላል።

የስሜን ቤት ግን በአንድ ጊዜ አልጠፋም። የውቤ የእኅት ልጅ አገው ንጉሤ በትግራይና በስሜን ሸፍቶ ለብዙ ዓመታት ቴዎድሮስን ተቋቋመ። ከፈረንሣዩ ንጉሠ ነገሥት ከናፖሊዮን ሦስተኛ ጋር ተጻጽፎ የባሕር ዳርቻ መሬት እስከ መስጠት ሊደርስ ነበር። የአየርላንዱን ዳርመት እዚህ ላይ አስታውሱት። የንጉሤ አድራጎት እንዳሰበው ሳይፈጸም በ1853 ዓ.ም. በቴዎድሮስ እጅ ወድቆ ተገደለ። የባዕድ ጦር በዚያን ጊዜ አለመምጣቱ ለአገሪቱ ዕድል ነበር።

ከዚህ በፊት ደግሞ በእስረኛውና በአሳሪው መካከል አንድ አስደናቂ ዝምድና ተፈጥሮ ነበር። ቴዎድሮስ ተዋበች ከሞተችበት በኋላ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገባ። ከእርስዋም በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። እንግዲህ ውቤ የንጉሠ ነገሥቱ አማት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ አያት ሆኖ ሳለ እስረኛ ነበር። ለስሜን ቤት ጋብቻ የቀድሞ ጉልበቱን አጥቶ ነበር፤ የቀድሞው ዘመን መሳፍንት ከእስር የሚወጡበት በር አሁን አልተከፈተም። ውቤ ከዐሥር ዓመት በላይ በእስር ከቆየ በኋላ በ1859 ዓ.ም. ገደማ በመቅደላ አምባ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ቴዎድሮስ በዚያው አምባ ራሱን ሠዋ። ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ስትጓዝ በግንቦት 1860 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ሞተች። የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ ባሕር ተሻግሮ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በዚያው ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። የስሜንና የቋራ ቤቶች ደም የተቀላቀለበት ልጅ ከሁለቱም አገር ርቆ አረፈ።

ይሁን እንጂ ከውቤ ቤተሰብ የወጣ ሰው ዘውድ ሳይደፋ አልቀረም። የውቤ ወንድም የብጡል ልጅ የሆነችው ጣይቱ የዳግማዊ ምኒልክ ባለቤት ሆና በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተብላ ነገሠች። ውቤ በጠመንጃና በጳጳስ ያላገኘውን የወንድሙ ልጅ አገኘችው። እርስዋ ግን የነገሠችው የአንድ አውራጃ ቤት በሌላው ላይ ድል አድርጎ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተችው ከየአውራጃው ከተሰበሰበ ሠራዊት ጋር ነበር፤ በዚያ ሠራዊት ውስጥ አያቶቻቸው በደብረ ዓባይና በደብረ ታቦር የተጋደሉ ሰዎች በአንድነት ተሰልፈዋል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ውቤ ሰነፍ አልነበረም፤ ፈሪም አልነበረም። ከዘመኑ ሰዎች ይልቅ አርቆ የሚያስብ፣ የመሣሪያንም የእምነትንም ኃይል የሚያውቅ ገዥ ነበር። የጎደለው ብልሃት ሳይሆን ዓላማ ነው። የሚመኘው የየጁን ቤት አውርዶ የስሜንን ቤት በቦታው ለመተካት ነበር፤ ለጎጃሙም፣ ለትግራዩም፣ ለገበሬውም ከዚህ ለውጥ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ያዘጋጀው ሁሉ ከቤቱ ጋር የተሳሰረ አልሆነም። ጳጳሱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ጠመንጃውም ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው በአንድ ቀን ተሻገሩ። ቴዎድሮስም ቢሆን በጉልበት የሰበሰበውን አገር በፍቅር ለማጽናት አልቻለም፤ ያም ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው። እናንተ ግን የአንድን ታላቅ ሰው ሕይወት ስትጽፉ ስንት ጦርነት እንዳሸነፈ ብቻ አትቁጠሩ፤ ያሸነፈው ለማን እንደ ነበር ጭምር ጠይቁ።